የኒኬል ሱፐርአሎይ የቅይጥ ዝርዝርን አንብቦ በከፍተኛ ሙቀት ያለውን ጥንካሬ መገመቻ፦ ደረጃ በደረጃ

ከሚሌ በኩል ጭነው የሚመጡ ተሳቢዎች ኮምቦልቻን አልፈው ወደ ደሴ ሲወጡ፣ ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስተው በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋሉ። አየሩ በሳሳ ቁጥር ቱርቦው የጎደለውን ለማካካስ ይበልጥ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ የሚወጣው ጋዝም ይበልጥ ይግላል። ክንፉ የተቆረጠ ወይም ተለጥጦ ቤቱን የፋቀ የቱርቦ ተርባይን ከዚህ ዓይነት ጉዞ በኋላ ወርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ አይገርምም። ይህ ተርባይን የሚሠራው ሙቀት ከሚቋቋም የኒኬል ቅይጥ፣ ማለትም ከኒኬል ሱፐርአሎይ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው መተኪያው ሲመጣ ነው። አብሮት የመጣውን የቅይጥ ዝርዝር የሚያነበው ሰው አሉሚኒየም ያጠነክራል፣ ክሮሚየም ከመበላት ይጠብቃል፣ ሞሊብደነም ሙቀት ያስችላል የሚለውን ከመማሪያ መጽሐፍ ያስታውሳል፤ ሦስቱም እንዳሉ ያያል፤ ይፈርማል። ከወራት በኋላ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል።

ስህተቱ የሚመጣው ንጥረ ነገሩ ምን እንደሚሠራ ብቻ ተጠይቆ የት እንደሚገባ ባለመጠየቁ ነው። አንዱ ንጥረ ነገር ቦታውን ሲይዝ ለሌላው የሚተርፈውን ይለውጣል፤ ስለዚህ ንባቡ ቅደም ተከተል አለው፣ አንድ ደረጃ ከተዘለለ የሚቀጥለው ትርጉም ያጣል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለጥገና ባለሙያና ለማቴሪያል ተማሪ የተጻፈ ሲሆን፣ ከካልኩሌተር የበለጠ መሣሪያ የሚጠይቀው በጥቂት ደረጃዎች ላይ ብቻ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሊኖርዎት የሚገባ

የቅይጡን ዝርዝር ከትክክለኛው የቀልጦ ቁጥር (ብረቱ አንድ ላይ ቀልጦ የፈሰሰበት ዙር መለያ) ጋር ይያዙ። ለቅይጡ ዓይነት በአጠቃላይ የተፈቀደው ክልል ብቻ የታተመበት ወረቀት ከሆነ ይመልሱትና የዚያው የቀልጦ ዙር የተለካ ውጤት ይጠይቁ፤ ምክንያቱን በደረጃ 5 በቁጥር ያዩታል። የንጥረ ነገሮች አቶማዊ ክብደት ሰንጠረዥ፣ ካልኩሌተርና ንጹህ ወረቀት ያዘጋጁ። ከተቻለ ከተሰበረው አሮጌ ዕቃ ላይ አንድ ቁራጭ ያስቀምጡ፤ ማወዳደሪያ የሌለው ቁጥር ብዙም አይናገርም።

ደረጃ 1። የሥራውን ሁኔታ በሦስት ቁጥር ይጻፉ

ሙቀቱን በዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጭነቱን በሜጋፓስካል፣ የሚፈለገውን ዕድሜ በሰዓት ይጻፉ። ሙቀት ሲባል የብረቱ የራሱ ሙቀት ነው፤ በአጠገቡ የሚያልፈው ጋዝ ወይም የምድጃው ማሳያ የሚያሳየው አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ በምድጃዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) ራሱ ከኒኬል ቅይጦች የተሠራ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ንባቡ ይዛባል። ከመለካትዎ በፊት አዲስ ቴርሞካፕል ከአሮጌው ጎን አስገብተው ልዩነቱን ይመዝግቡ። ልዩነቱ 10 ዲግሪ እንኳ ቢሆን አይናቁት፤ በደረጃ 10 ዋጋውን እናሰላለን።

ሦስቱን ቁጥሮች ሲይዙ የቅይጡ ቤተሰብ ወዲያው ይጠባል። እስከ 650 ዲግሪ ገደማ ከባድ ጭነት ከሆነ ኢንኮኔል 718ን የመሰሉ ቅይጦች ይበቃሉ። ከዚያ በላይ እስከ 1,000 ዲግሪ ገደማ ከባድ ጭነት ከሆነ አሉሚኒየማቸው ከፍ ያለ፣ በሻጋታ የሚፈሱ ቅይጦች ያስፈልጋሉ። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ጭነቱ ቀላል ከሆነ፣ ለምሳሌ የምድጃ መከለያ ወይም ቅርጫት ከሆነ፣ ሃስቴሎይ ኤክስን የመሰለ የሚበየድ የላሜራ ቅይጥ ይሻላል።

ደረጃ 2። ናሙናውን ያዘጋጁ፣ መሣሪያው የማያየውን ይለዩ

በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ገጹን በግራይንደር ይፋቁ። በሥራ ላይ የነበረ ዕቃ ገጹ በኦክሳይድ ተሸፍኗል፣ ከኦክሳይዱ ሥርም ክሮሚየሙ የተመናመነበት ቀጭን ንብርብር አለ። አንዳንዱ አዲስ ዕቃ ደግሞ አሉሚኒየም የበዛበት ሽፋን ይቀባል። ሳይፋቁ የሚለኩት ቅርፊቱን ነው።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ ልጥቀስ፦ ክሮሚየም የበዛባቸው እነዚህ ቅይጦች በተለመደው ሙቀት ማግኔት አይስባቸውም። አሮጌ ዕቃ ገጹ ላይ ማግኔት በትንሹ ቢይዝ ክሮሚየሙ ከገጹ እንዳለቀ ጥሩ ጥርጣሬ ይሰጣል። እንደ መለኪያ ግን አይውሰዱት።

የእጅ መመርመሪያው ካርቦንንና ቦሮንን ፈጽሞ አያይም፣ አሉሚኒየም ላይም ደካማ ነው። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ ጥንካሬውን በዋነኛነት የሚወስነው አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ አሉሚኒየም፣ ካርቦንና ቦሮን የግድ በብልጭታ ስፔክትሮሜትር ወይም በላቦራቶሪ ኬሚካል ትንተና ይለኩ። መመርመሪያው "ኢንኮኔል 713ሲ" ብሎ ስም ቢያወጣም ስሙን አይመኑ፤ መሣሪያው በትውስታው ካለው ዝርዝር የቀረበውን ስም ይመርጣል እንጂ የቀልጦውን ጥራት አያረጋግጥም።

ደረጃ 3። የክብደት መቶኛውን ወደ አቶም መቶኛ ይቀይሩ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው። ወረቀቱ የሚነግርዎ በክብደት ነው፤ በብረቱ ውስጥ ቦታ የሚይዙት ግን አቶሞች ናቸው። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ በክብደት ጥቂት የሚመስለው በአቶም ቁጥር ብዙ ነው፤ ተንግስተን ከባድ ስለሆነ በተቃራኒው ነው።

እያንዳንዱን የክብደት መቶኛ ለአቶማዊ ክብደቱ ያካፍሉ፣ ውጤቶቹን ይደምሩ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ውጤት ለድምሩ አካፍለው በ100 ያባዙ። ለቱርቦ ተርባይኖች በሰፊው የሚሠራበትን ኢንኮኔል 713ሲን በተለመደው መካከለኛ ዝርዝሩ እንሥራው፦

ክሮሚየም፦ 12.5 ÷ 52.00 = 0.2404፤ በአቶም 13.18
ሞሊብደነም፦ 4.2 ÷ 95.95 = 0.0438፤ በአቶም 2.40
ኒዮቢየም፦ 2.0 ÷ 92.91 = 0.0215፤ በአቶም 1.18
አሉሚኒየም፦ 6.1 ÷ 26.98 = 0.2261፤ በአቶም 12.39
ታይታኒየም፦ 0.8 ÷ 47.87 = 0.0167፤ በአቶም 0.92
ካርቦን፦ 0.12 ÷ 12.01 = 0.0100፤ በአቶም 0.55
ቦሮንና ዚርኮኒየም በአንድነት፦ 0.0022፤ በአቶም 0.12
ኒኬል፣ የቀረው፦ 74.17 ÷ 58.69 = 1.2637፤ በአቶም 69.27
ድምር፦ 1.8244

አሁን ክሮሚየምንና አሉሚኒየምን ያስተያዩ። በክብደት ክሮሚየሙ የአሉሚኒየሙ እጥፍ ነበር፤ በአቶም ግን እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

የአቶም መቶኛዎቹ ድምር ከ99.9 በታች ወይም ከ100.1 በላይ ከሆነ አካፍለው ሲጽፉ ስህተት ሠርተዋል። ኒኬል ላይ ግን ይህ ድምር የማያሳየው ስህተት አለ፤ "የቀረው" የሚለውን ሲያሰሉ ካርቦንና ዚርኮኒየም ይረሳሉ።

ደረጃ 4። ጭነቱን የሚሸከመውን ቅንጣት መጠን ያግኙ

የእነዚህ ቅይጦች ጥንካሬ የሚመጣው ጋማ ከሚባለው የኒኬል መደብ ውስጥ በተበተኑ ጋማ ፕራይም በሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። በጋማ ፕራይም ውስጥ ሦስት የኒኬል አቶሞች ከአንድ የአሉሚኒየም አቶም ጋር በሥርዓት ይደረደራሉ፤ ታይታኒየም፣ ኒዮቢየምና ታንታለም በአሉሚኒየሙ ቦታ መግባት ይችላሉ። ብረት ሲለጠጥ በውስጡ የሚንቀሳቀሰው የአቶም መስመር ጉድለት በዚህ ቅንጣት ውስጥ ለማለፍ ሥርዓቱን ማፍረስ አለበት፤ ይህም አስቸጋሪ ነው። ከዚህም በላይ የጋማ ፕራይም ጥንካሬ፣ ከተለመደው ብረት በተቃራኒ፣ ሙቀቱ እስከ 700 እና 800 ዲግሪ አካባቢ ሲጨምር ይጨምራል።

የአሉሚኒየም፣ የታይታኒየም፣ የኒዮቢየምና የታንታለምን የአቶም መቶኛ ይደምሩና በ4 ያባዙ። ለ713ሲ፦ 12.39 + 0.92 + 1.18 = 14.49፤ በ4 ሲባዛ 58 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ጥቂቱ በጋማው ውስጥ ሟሙቶ ስለሚቀር እውነተኛው መጠን ዝቅ ይላል። ለማስተያየት፣ ለሞተር ጭስ ማውጫ ቫልቭ የሚያገለግለው ኒሞኒክ 80ኤ 1.4 በመቶ አሉሚኒየምና 2.4 በመቶ ታይታኒየም አለው፤ በዚሁ መንገድ ሲሰላ ጣሪያው 23 በመቶ ገደማ ነው። የሁለቱ ልዩነት አንዱ ለምን ሊቀጠቀጥ እንደሚችል፣ ሌላው ለምን በሻጋታ ብቻ እንደሚሠራ ጭምር ያስረዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኒዮቢየሙ ከፍ ብሎ አሉሚኒየሙ ዝቅ ያለ ቅይጥ ካጋጠመዎ ይህን ስሌት አይጠቀሙ። ኢንኮኔል 718 እንዲህ ነው፤ 5 በመቶ ገደማ ኒዮቢየም ሲኖረው አሉሚኒየሙ ግማሽ በመቶ ያህል ነው። የሚያጠነክረው ጋማ ድርብ ፕራይም የሚባል ሌላ ቅንጣት ሲሆን፣ ከ650 ዲግሪ በላይ ሲቆይ እያደገ ሄዶ ዴልታ ወደሚባል ዝርግና ደካማ ቅርጽ ይለወጣል። ይህን በራሴ ሥራ ከፍያለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በ800 ዲግሪ የሚሠራ ምድጃ ዕቃ የሚያንጠለጥል መንጠቆ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ፣ በተለመደው ሙቀት ከ1,000 ሜጋፓስካል በላይ ይሸከማል የሚለውን አይቼ 718ን መረጥኩ። መንጠቆው አልተሰበረም፤ በየሳምንቱ በካሊፐር ስለካው ግን አንገቱ እየቀጠነ፣ አፉ እየተከፈተ ሄደ፤ በመጨረሻ የተሸከመው ቅርጫት ወለሉን ነካ። በቀዝቃዛ የተለካ ጥንካሬ ለሙቅ ሥራ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ የጠጣርነት መለኪያም እንዲሁ።

ደረጃ 5። ከጋማ ፕራይም የተረፈውን ያስሉ

የዚህ መመሪያ ዋና ደረጃ ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት።

ጋማ ፕራይም ሲፈጠር ለእያንዳንዱ የአሉሚኒየም አቶም ሦስት ኒኬል ይወስዳል። ክሮሚየምና ሞሊብደነም ግን በአብዛኛው አይገቡበትም፤ ስለዚህ በተረፈው ጋማ ውስጥ ይከማቻሉ። ክምችቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ዕቃው በሥራ ሙቀት ለብዙ መቶና ሺህ ሰዓታት ሲቆይ፣ ሲግማ የሚባል ጠጣርና ተሰባሪ ሰሌዳ መሰል ነገር ያድጋል። ሲግማ ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ጋማውን የሚያጠነክሩትን ሞሊብደነምና ክሮሚየም ይመጥጣል፣ ስንጥቅም ከእርሱ ይጀምራል። አዲሱ ዕቃ በፈተና ላይ ጥሩ ሆኖ ከሥራ በኋላ የሚከዳው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል።

ሀ) የካርቦኑን ግማሽ ከታይታኒየምና ከኒዮቢየም ጋር ያጣምሩ። 0.55 ለሁለት ሲከፈል 0.275 ነው፤ ከ14.49 ላይ ሲነሳ 14.21 ይቀራል።

ለ) የቀረውን የካርቦን ግማሽ ከክሮሚየም ጋር ያጣምሩ። በዚህ ካርባይድ (የካርቦንና የክሮሚየም ውህድ) ውስጥ ለ6 ካርቦን 23 የክሮሚየም አቶም ስለሚገባ፣ 0.275 ካርቦን 1.05 ክሮሚየም ይወስዳል።

ሐ) ከመጀመሪያው ክሮሚየም 3 በመቶው፣ ማለትም 0.40፣ ወደ ጋማ ፕራይም እንደሚገባ ይቁጠሩ። 14.21 + 0.40 = 14.61፤ ይህ የሚወስደው ኒኬል በሦስት ሲባዛ 43.83 ነው።

መ) የተረፈውን ይጻፉ፦ ኒኬል 69.27 − 43.83 = 25.44፤ ክሮሚየም 13.18 − 1.05 − 0.40 = 11.73፤ ሞሊብደነም 2.40። ድምሩ 39.57።

ሠ) እያንዳንዱን ለ39.57 አካፍለው ድርሻውን ያግኙ፤ ከዚያ የኒኬልን ድርሻ በ0.66፣ የኮባልትን በ1.71፣ የብረትን (Fe) በ2.66፣ የክሮሚየምን፣ የሞሊብደነምንና የተንግስተንን በ4.66 አባዝተው ይደምሩ። ለእኛ ምሳሌ፦ 0.643 × 0.66 ሲደመር 0.357 × 4.66፣ ማለትም 2.09 ገደማ።

ለብዙ ቅይጦች የአደጋው መስመር ከ2.45 እስከ 2.50 ባለው ውስጥ ይነገራል፤ አንዳንዱ ቅይጥ ግን ከዚያ በታችም ሲግማ ያወጣል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ፍርድ ሳይሆን የአንድ ቅይጥ ሁለት ቀልጦዎችን እንደማወዳደሪያ ይጠቀሙበት።

አሁን አሉሚኒየሙን ብቻ ከ6.1 ወደ 6.5 ያሳድጉና ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስሉ። የጋማ ፕራይም ጣሪያ ከ58 ወደ 61 በመቶ ይወጣል፤ ጥሩ ይመስላል። የተረፈው ጋማ ቁጥር ግን ከ2.09 ወደ 2.20 ይዘላል። ልብ ይበሉ፦ በማባዣዎቹ ውስጥ አሉሚኒየም የለም፤ ክሮሚየምም አልጨመርንም። አሉሚኒየሙ ኒኬሉን ወስዶ ስለሄደ ብቻ የቀረው ቤት ለክሮሚየም ጠበበ። በዚህ ላይ ክሮሚየሙን ከ12.5 ወደ 14 ያድርሱት፤ ቁጥሩ 2.36 ይሆናል። 6.5 አሉሚኒየምም ሆነ 14 ክሮሚየም በ713ሲ የተፈቀደ የላይኛው ወሰን ነው፤ ሁለቱም በየፊናቸው "ያልፋል" ይባላሉ። ወረቀቱ ላይ ክልሉ ብቻ ታትሞ ሲመጣ ይመልሱት ያልኩት ለዚህ ነው።

የተረፈው ኒኬል አሉታዊ ከወጣ የክብደትና የአቶም መቶኛዎችን ቀላቅለዋል፤ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሆኖ ዕቃው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በሥራ ሙቀቱ የቆየ ቁራጭ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ መርፌ ወይም ሰሌዳ መሰል ቅርጾች መኖራቸውን ያስመርምሩ። በሻጋታ የፈሰሰ ብረት ውስጥ ቅይጡ በየቦታው እኩል እንደማይሆን አይርሱ፤ መጨረሻ ላይ የጠጠረው ክፍል ከአማካዩ የባሰ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6። ጋማውን የሚያጠነክሩትን ይመልከቱ

ሞሊብደነም፣ ተንግስተንና ሬኒየም ትልልቅ አቶሞች ስለሆኑና በኒኬል ውስጥ ቀስ ብለው ስለሚጓዙ፣ በሙቀት ውስጥ ከጭነት በታች ቀስ በቀስ የሚደርሰውን መለጠጥ፣ ማለትም ክሪፕን፣ ያዘገያሉ። እኩል ክብደት ሲጨመር የሞሊብደነም አቶሞች ከተንግስተን እጥፍ ገደማ ይሆናሉ፤ ስለዚህ "4 በመቶ ተንግስተን በ4 በመቶ ሞሊብደነም ተተክቷል፣ ለውጥ የለውም" የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ ደረጃ 3ን ያሳዩት። ለሚሽከረከር ዕቃ ደግሞ ክብደት ራሱ ጭነት ነው፤ ከባድ ንጥረ ነገር የሰጠውን ጥንካሬ በከፊል መልሶ ይወስዳል። ኮባልት የጋማ ፕራይምን በጋማ ውስጥ የመሟሟት አቅም ዝቅ ያደርጋል።

ደረጃ 7። የግሬን ድንበሮችን ይፈትሹ

በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በጥቃቅን ቁጥር የተጻፉትን ያንብቡ። ቦሮን ከመቶ ሺህ ክፍል ጥቂቱ፣ ዚርኮኒየም ከአንድ በመቶ አሥረኛው ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ግሬኖች (ብረቱ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች) የሚገናኙበትን ድንበር የሚያያይዙት እነርሱ ናቸው። ቦሮኑ ከጠፋ ዕቃው ሳይለጠጥ በድንበሩ ላይ ይሰነጠቃል፤ ከበዛ ደግሞ በድንበሩ ላይ ቀድሞ የሚቀልጥ ነገር ይፈጠራል። ካርቦን በድንበሩ ላይ ተነጣጥሎ እንደ ዶቃ ከተቀመጠ ድንበሩ እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ እንደ ቀጭን ፊልም ከተዘረጋ ግን ስንጥቁን መንገድ ይሰጠዋል። ይህን ወረቀት አይነግርዎትም፣ ማይክሮስኮፕ ነው የሚያሳየው።

ማስጠንቀቂያ፦ እርሳስ፣ ቢስሙትና ድኝ በመርዝ መጠን ነው የሚጎዱት። የጥሩ ቅይጥ የቢስሙት ወሰን ከአንድ ሚሊዮን ክፍል አንዱ በታች ነው። ወረቀቱ "ቢስሙት ከ0.01 በመቶ በታች" ካለ፣ ከአንድ ሚሊዮን 100 ክፍል ድረስ ሊኖር ይችላል ማለት ስለሆነ እንዳልተለካ ይቁጠሩት።

ደረጃ 8። ገጹን ከሥራው አየር ጋር ያገናኙ

ውስጡ የጠነከረ ዕቃ ከውጭ እየተበላ ከቀጠነ ጭነቱ በቀረው ላይ ይበዛል። 713ሲ በአሉሚኒየሙ ብዛት ከተራ ኦክሳይድ ራሱን ይጠብቃል። ክሮሚየሙ ግን ዝቅ ያለ ስለሆነ ድኝና ጨው ሲገናኙ ይቸገራል፤ ሶዲየም ሰልፌት በ884 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የቀለጠው ጨውም ተከላካዩን ኦክሳይድ ያሟሟል። ከአፋር ጨው የሚያመላልስ መኪና ከሆነ የአየር ማጣሪያውን ሳይመረምሩ ቅይጡን አይክሰሱ። እንዲህ ላለው አየር 15 በመቶና ከዚያ በላይ ክሮሚየም ያለው ቅይጥ ይፈልጉ፤ ሲያገኙም ደረጃ 5ን እንደገና ያስሉ።

ደረጃ 9። የሙቀት ሕክምናና ብየዳ

713ሲ አብዛኛውን ጊዜ ከሻጋታ እንደወጣ ይሠራበታል። ኒሞኒክ 80ኤ ግን በ1,080 ዲግሪ ለ8 ሰዓት ቆይቶ በአየር ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በ700 ዲግሪ ለ16 ሰዓት ይቆያል። የመጀመሪያው ደረጃ ጋማ ፕራይሙን ያሟሟል፣ ሁለተኛው በደቃቁ መልሶ ያወጣዋል።

መብራት ቢጠፋስ? ጥያቄው የሚነሳው ሁልጊዜ ነው። በ1,080 ላይ እያለ ጠፍቶ ዕቃው በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ፣ ጋማ ፕራይሙ ሻካራ ሆኖ ወጥቷል፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ከዜሮ ይድገሙ። መብራቱ ሲጠፋ ሰው አጠገቡ ካለና ዕቃው ገና ግሎ እያለ ማውጣት ከተቻለ፣ አውጥተው በአየር ያቀዝቅዙት፤ የቀረውን ጊዜ በሌላ ቀን ይጨርሳሉ። በ700 ላይ እያለ ከጠፋ የተቆየው ሰዓት ይቆጠራል፤ እንደገና አሙቀው የጎደለውን ብቻ ይሙሉ። በምንም መንገድ ግን "የጠፋውን ለማካካስ" ሙቀቱን ከፍ አያድርጉ።

ለብየዳ፣ የአሉሚኒየሙን የክብደት መቶኛ ከታይታኒየሙ ግማሽ ጋር ይደምሩ። ከ3 በላይ ከሆነ ቅይጡ ከብየዳ በኋላ ሲሞቅ የመሰንጠቅ ዝንባሌ አለው። ለ713ሲ ድምሩ 6.5 ነው። የተቆረጠ የተርባይን ክንፍ በብየዳ ሞልቶ መቅረጽ የሚችል እጅ ኮምቦልቻም ደሴም አይጠፋም፤ እጁ ጥሩ ሆኖም ብረቱ እሺ አይልም። አይበይዱት።

ደረጃ 10። ዕድሜውን ይገምቱ

የላርሰንና የሚለርን ቀመር ይጠቀሙ፦ በኬልቪን የተጻፈው ሙቀት፣ 20 ሲደመር የሰዓቱ ሎጋሪዝም (መሠረቱ 10) በተገኘው ይባዛል። ጭነቱ ካልተለወጠ ውጤቱም አይለወጥም። አንድ ዕቃ በአንድ ጭነት በ850 ዲግሪ፣ ማለትም በ1,123 ኬልቪን፣ 1,000 ሰዓት ቢቆይ፣ 1,123 × 23 = 25,829 ነው። በ880 ዲግሪ ስንት ሰዓት ይቆያል? 25,829 ÷ 1,153 = 22.40፤ 20 ሲነሳ 2.40፤ ይህም 250 ሰዓት ገደማ ነው። 30 ዲግሪ ሦስት አራተኛውን ዕድሜ በላው። በደረጃ 1 የጠቀስነው የ10 ዲግሪ ስህተት ብቻ 1,000ውን ሰዓት ወደ 630 ገደማ ያወርደዋል።

ስሌትዎ ከሚታየው ዕድሜ ጋር ፈጽሞ ካልተገናኘ፣ በመጀመሪያ ሙቀቱን እንደገና ይለኩ፤ ቀጥሎ የደረጃ 5ን ቁጥር በተለካው የቀልጦ ውጤት ይሥሩት፤ ቅይጡን የሚጠራጠሩት ከዚህ በኋላ ነው። የተሰበረውን ዕቃ ስብራት አያጽዱ፣ በሽቦ ብሩሽም አይንኩት፤ በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ቀኑን፣ የሠራበትን ሰዓትና የቀልጦ ቁጥሩን በላዩ ጽፈው ያስቀምጡ።